ጠረጴዛሽ ላይ ያልደረሰው ወረቀት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የዳታ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኤክሴል በደንብ እችላለሁ። ሰንጠረዥም ቻርትም አሳምሬ እሠራለሁ። ሪፖርት ባቀረብኩ ቁጥር ግን አለቃዬ «ይሄ እኮ ገለጻ ነው፣ ትንተናው የታለ?» ይሉኛል። ባለፈው ወር 40 ገጽ አስረከብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እና ምን ይሁን?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ያን ቀን ማልቀስ ብቻ ነው የቀረኝ። ስለ ሂሳዊ አስተሳሰብ ሁለት የኦንላይን ኮርስ ወስጃለሁ፤ ሰርተፊኬቱም አለኝ። የተዛባ አስተሳሰብ ዓይነቶችን ስም በቃሌ ይዣለሁ። ሥራዬ ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ይሄ ነገር በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው ወይስ ይለመዳል? የሚለመድ ከሆነስ ከየት ልጀምር?
(ሰንጠረዥ አሳማሪዋ)

መልስ፦ ይለመዳል። (ዕድሜሽን ስለጻፍሽልኝ «አንቺ» ብያለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ።) እኔ ግን የለመድኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ሰው ከጎዳሁ በኋላ። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ።

በሪፖርት ሥራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። መሥሪያ ቤታችን የውኃ ፓምፕ ይተክላል፤ ሲበላሽም ይጠግናል። አንድ ቀን አለቆቼ «ፓምፖቹ እንዲህ የሚበላሹት ለምንድን ነው? አጣራ» አሉኝ። የዓመቱን የብልሽት ፎርም በሙሉ ሰበሰብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ አነበብኩት። በየወሩ ከፋፈልኩት። በፓምፑ ዓይነት ከፋፈልኩት። በመጨረሻ በተከላ ቡድን ስከፋፍለው መልሱ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከአሥር ብልሽት ሰባቱ የደረሰው አንድ ቡድን በተከላቸው ፓምፖች ላይ ነው።

ደስታዬን አልነግርሽም። ያንን ቡድን በቀይ ቀለም ያሳየ ቻርት ሠራሁ። ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። የቡድኑ መሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ከእኔ በዕድሜም በሥራም የሚበልጥ ቴክኒሻን ነው። ምንም አላለም። ቻርቱን ብቻ አየው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ «ክህሎት ይጎድላቸዋል» ተብሎ ሥልጠና ገቡ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ደረጃ ላይ የንብረት ክፍል ኃላፊዋን አገኘኋቸው። ዳታ ምናምን የማይሉ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ያ ቡድን በዓመቱ ስንት ፓምፕ ነው የተከለው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ለመጠየቅም አላሰብኩም ነበር። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ የወጪ መዝገቡን አየሁ። በዚያ ዓመት ከተተከሉት ከአሥር ፓምፖች ስምንቱን የተከለው ያ ቡድን ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ተደምረው ከአሥር ሁለቱን ብቻ ተክለው፣ ከአሥር ብልሽት ሦስቱን አስመዝግበዋል። ጥፋተኛ ያልኩት ቡድን በአማካይ ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። ቁጥሬ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ መደምደሚያዬ ላይ ነው።

ሰውየውን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቀድመህ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።» ሪፖርቱን በጽሑፍ አረምኩ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሣ። ያ ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሆነው ምንድን ነው? ለሚሠራ ፓምፕ ማንም ፎርም አይሞላም። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው የተበላሸው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የመጣልኝን ወረቀት ዓለም ሁሉ አድርጌ ወሰድኩት። ላንቺም ልነግርሽ የምፈልገው ከሞላ ጎደል ይሄንኑ ነው። ትንተና የሚጀምረው ጠረጴዛሽ ላይ ያልደረሰውን ወረቀት ስትጠይቂ ነው።

ይሄ የጀማሪ ስህተት እንዳይመስልሽ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ፈነዳች። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የጥፋቱ መነሻ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት ነበር። ጎማው በብርድ ይደርቃል። ቶሎ ተለጥጦ ክፍተቱን አይዘጋም። በዋዜማው ምሽት መሐንዲሶቹ ብርዱን ፈርተው «ይቅር» ብለው ነበር። ማስረጃ ተጠየቁ። በስልክ ስብሰባው ላይ የተመዘነው ታዲያ ቀደም ሲል ቀለበቱ የተጎዳባቸው በረራዎች ታሪክ ነበር። አንዱ ጉዳት የደረሰው በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሌላው ደግሞ በ24 ዲግሪ። በብርድም በሙቀትም ይጎዳል ማለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በሙቀት መጠኑ ማሳበብ አይቻልም ተባለ።

ከአደጋው በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ ጉዳት ያልደረሰባቸውን በረራዎችም ጨምሮ አየ። ያኔ ሥዕሉ ተገለበጠ። በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉ 20 በረራዎች ጉዳት የታየባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች የተደረጉት ግን አራት ነበሩ፤ አራቱም ላይ ጉዳት ታይቷል። ቻሌንጀር በተነሣችበት ሰዓት አየሩ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መረጃው ቀድሞም እጃቸው ላይ ነበረ። ከእኔ በጣም የበለጡ ሰዎች ናቸው፤ የተሳሳቱት ግን እኔ በተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ነው። ደህና የሄደው ነገር ፎርም የለውም።

አንድ ሙከራ ደግሞ ልንገርሽ፤ በራስሽ ላይ ብትሞክሪው ጥሩ ነበር፣ ግን መልሱን ልነግርሽ ስለሆነ ጓደኛሽ ላይ ሞክሪው። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 ያሳተመው ነው። ሰዎቹን «2፣ 4፣ 6 የሚሉት ቁጥሮች እኔ የማውቀውን አንድ ሕግ ይከተላሉ፤ ሕጉን አግኙ» አላቸው። ለማጣራት የፈለጉትን ሦስት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ እሱ «ሕጉን ይከተላል» ወይም «አይከተልም» ይላቸዋል። ብዙዎቹ «8፣ 10፣ 12?» አሉ። ይከተላል። «20፣ 22፣ 24?» ይከተላል። «አገኘሁት! በሁለት በሁለት መጨመር ነው» አሉ። አይደለም። ሕጉ ቁጥሮቹ እያደጉ መሄዳቸው ብቻ ነው። 1፣ 2፣ 57ም ይሆናል። ከ29 ሰዎች በመጀመሪያው መልሳቸው ያገኙት ስድስት ብቻ ነበሩ።

የቀሩት ሰነፎች አልነበሩም። ጠይቀዋል፤ መልስም ሰብስበዋል። ችግሩ የሚጠይቁት ሁሉ «አዎ» እንዲባሉ ሆኖ የተመረጠ መሆኑ ነው። አንድ ሰው «6፣ 4፣ 2?» ወይም «1፣ 2፣ 57?» ቢል ኖሮ ግምቱ ወይ ይፈርስ ወይ ይጠነክር ነበር። አንቺም 40 ገጽሽን መልሰሽ እዪው። ስንቱ ገጽ ነው ግምትሽን ለማፍረስ የተጻፈ? አንድም ገጽ ከሌለ አለቃሽ «ትንተናው የታለ?» ማለታቸው አያስገርምም። ቀዩ እስክሪብቶ ግን ያማል፤ እሱን አውቃለሁ።

ይህን ጥበብ በተግባር ካሳዩት ሰዎች እኔ አብዝቼ የምወደው ሐኪሙን ጆን ስኖውን ነው። በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገባ። በአሥር ቀን ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ብዙ ሰው በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስኖው በውኃ ነው ባይ ነው። ሰዎች ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለሠራው ካርታ ነው። ካርታው ሟቾቹ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መብዛታቸውን ያሳያል። ግን እስቲ አስቢው፤ መጥፎ አየርም ቢሆን በአንድ ቦታ ዙሪያ ይበዛል። ካርታው ብቻውን ሁለቱን ሐሳብ አይለያቸውም።

ስኖው ግን ለየት ያሉትን ፈለገ። ፓምፑ አጠገብ ኖረው ያልሞቱ እነማን ናቸው? እዚያው ሠፈር 535 ሰው የሚኖርበት የድሆች መጠለያ ነበር። የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው መንገድ ላይ ከ70 በላይ ሠራተኛ ያለው ቢራ ፋብሪካ ነበር። በኮሌራ የሞተ የለም። ሠራተኞቹ ቢራ ይሰጣቸው ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ አለው። አየሩን ግን ሁሉም እኩል ነበር የሚተነፍሱት። ቀጥሎ ደግሞ ተቃራኒውን ጠየቀ። ከፓምፑ ርቀው ኖረው የሞቱስ? ሃምፕስቴድ በተባለ ሩቅ ሠፈር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በኮሌራ ሞታ ነበር። ያን አካባቢ ለቃ ከሄደች ቆይታለች። ግን የፓምፑን ውኃ ጣዕም ስለምትወደው በየቀኑ በጋሪ ያመጡላት ነበር።

እነዚህ ጥቂት ሰዎች ከመቶዎቹ የበለጠ ይናገራሉ። ለምን? ሁለቱ ሐሳቦች እነሱ ላይ ሲደርሱ የተለያየ ነገር ስለሚተነብዩ። ስኖው ማስረጃውን ይዞ የአካባቢውን አስተዳዳሪዎች አነጋገረ፤ ሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙ ያኔ መቀነስ ጀምሮ እንደነበር ራሱ ስኖው ጽፏል። ይሄንንም አልደበቀም። እኔ ተንታኝ የምለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጠረጴዛ እንምጣ። ኮርሶቹ አልጠቀሙኝም ብለሻል። አልፈርድባቸውም። ግን የስህተቶችን ስም መሸምደድ የራስን ስህተት አያሳይም። እኔ ያየሁት ስሙን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላውን ለመክሰስ እንደሚጠቀምበት ነው። ስለዚህ ስሞቹን ለጊዜው ተያቸው።

የሚቀጥለው ሥራ ሲመጣልሽ ፋይሉን ወዲያው እንዳትከፍቺ። ወረቀት ያዢ። መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «የደንበኞች ቅሬታ ሪፖርት» ርዕስ ነው፤ ጥያቄ አይደለም። «ቅሬታ የጨመረው ለምንድን ነው? ለዚህስ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ጥያቄ ነው። እንዲህ ከጀመርሽ «እና ምን ይሁን?» የሚለው ቀድሞ ገብቷል። ከዚያ ሊሆኑ የሚችሉ ቢያንስ ሦስት መልሶች ጻፊ። አገልግሎቱ ወርዶ ይሆናል። ደንበኛው በዝቶ ይሆናል። ወይም ቅሬታ መቀበያ አዲስ ስልክ ተከፍቶ፣ ድሮ ዝም ይል የነበረው ሰው መደወል ጀምሮ ይሆናል። ሦስተኛው መልስ ሁሌም ይከብዳል። እሱን ሳታገኚ እንዳትነሺ። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ መልሶቹን ከላይ በአግድም ደርድሪ፤ ማስረጃዎቹን በጎን ወደታች። ይህን ዘዴ ያስፋፋው ሪቻርድስ ሆየር የተባለ የቀድሞ የሲአይኤ ባለሙያ ነው፤ በ1999 በወጣ መጽሐፉ አብራርቶታል። የምትሠሪው ታዲያ ወደታች ሳይሆን ወደጎን ነው። አንዱን ማስረጃ ያዢና በየመልሱ ሥር «ይሄ እውነት ቢሆን ይህን ማስረጃ አየው ነበር?» በይ። ለሦስቱም «አዎ» ካልሽ፣ ያ ማስረጃ ምንም ያህል ቢያምር ለመምረጥ አይረዳሽም። ሆየር ትኩሳትን ምሳሌ ያደርጋል። ትኩሳት ሰውየው መታመሙን ለሐኪሙ ይነግረዋል፤ የትኛው በሽታ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነግረውም። «ቅሬታ በ18 በመቶ ጨመረ» የሚለው ቻርትሽም ትኩሳት ነው። ከሦስቱም መልሶች ጋር ይስማማል። የአዲሱ ስልክ መስመር የተከፈተበት ቀን ግን ይለያቸዋል። ቅሬታው ከዚያ ቀን በፊት መጨመር ከጀመረ ሦስተኛው መልስ ወደቀ ማለት ነው። በመጨረሻ የምትይዢውም ብዙ «አዎ» ያገኘውን ሳይሆን የሚቃረነው ማስረጃ ከሁሉ ያነሰውን መልስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ፋይሉን ከመክፈትሽ በፊት ምን እንደምታገኚ ገምቺና ደብተር ላይ ጻፊው፤ ቀኑንም ጭምር። እኔ 11 ዓመት ይዤዋለሁ። ውጤቱን ካየን በኋላ «ቀድሞም አውቀው ነበር» የማይል ሰው የለም። ደብተሩ ግን ምን ብለሽ እንደነበር ይናገራል። የት የት እንደምትሳሳቺ በስድስት ወር ውስጥ ታዪዋለሽ። የእኔ ለምሳሌ ሰዎች ለለውጥ የሚወስድባቸውን ጊዜ ሁሌ ማሳጠር ነው። አሁን ስገምት ይህን አውቄ እጨምርበታለሁ። 40 ገጹም የቀረ ይመስለኛል፤ ስድስት ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በየሥልጠናው «ሽምደዳ ይቅር፤ ተማሪውን ወደ ከፍተኛው የአስተሳሰብ ደረጃ አውጡት» እንባላለን። ሞከርኩ። አሁን ተማሪዎቼ በሁሉ ነገር ይከራከራሉ፤ የሚከራከሩበትን ነገር ግን አያውቁትም። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?
(ከጥቁር ሰሌዳ ፊት)

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ የተሳሳቱ አይመስለኝም። የአስተሳሰብ ደረጃዎቹ መሰላል ነው በተሳሳተ መንገድ የቀረበልዎ።

ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 የትምህርት ግቦችን በስድስት ደረጃ ከፋፈሉ። በ2001 ተከልሶ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር ተባለ። በመጀመሪያው ላይ ቁንጮው ግምገማ ነበር፤ በተከለሰው ላይ ፈጠራ ሆነ። በሁለቱም ላይ ግን ዕውቀት ከታች ያለው ስለተናቀ አይደለም። ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ያ የፓምፕ ቡድን መሪ ከእኔ የተሻለ ተንታኝ የሚሆነው ስለ ፓምፕ ስለሚያውቅ ነው። ስለ ኮሌራ ምንም የማያውቅ ሰው የቢራ ፋብሪካውን ቢያይም ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ያስሸምድዱ፤ ግን ሽምደዳው ላይ አይቁሙ። አንድ የምወደው መንገድ አለ። ስለ አንድ ክስተት የተጻፉ ሁለት የማይስማሙ ጽሑፎችን ይስጧቸው። «የቱ ትክክል ነው?» ከማለትዎ በፊት «የሚስማሙት በምን ላይ ነው? አንዱ ያነሳው፣ ሌላው የዘለለው ምንድን ነው?» ይበሏቸው። ተማሪው ሐሳቡን ሲናገር ደግሞ «ምን ብታገኝ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ምንም» የሚል ከሆነ ገና መከራከር ላይ ነው። ፈተናውንም አይርሱ። ፈተናው ማስታወስን ብቻ ከጠየቀ ልጆቹ የሚያጠኑት ያንኑ ብቻ ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ጥያቄ፦ ለአመራሮች የትንበያ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። «ሊሆን ይችላል» ብዬ ከጻፍኩ «ፈሪ ነህ፤ ቁርጡን ንገረን» ይሉኛል። ቁርጡን ጽፌ ካልሆነ ደግሞ ጣጣው ለእኔ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?
(መሐል ላይ የቆመው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአንተ በፊት በዚህ የተቸገረ ትልቅ ሰው አለ። ሸርማን ኬንት ይባላል። በአሜሪካ የስለላ ትንተና ሥራ ውስጥ ከመሥራቾቹ የሚቆጠር ነው። በ1951 እሱ ያለበት ክፍል በዚያ ዓመት ዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት ሊሰነዘር መቻሉ «እንደ ብርቱ ዕድል መታየት አለበት» የሚል ሪፖርት አወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ባለሥልጣን «ብርቱ ዕድል ስትሉ ምን ያህል ማለታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ኬንት «በእኔ ግምት ከመቶ 65 ያህል» አለ። ሰውየው ደነገጠ፤ እሱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር የመሰለው። ኬንት ተመልሶ ሪፖርቱን አብረውት ያጸደቁትን ባልደረቦቹን ጠየቀ። አንዱ 80 በመቶ አለ። ሌላው 20 በመቶ። ሁሉም አንዱን ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ፈርመውበታል! ኬንት ይህን ታሪክ በ1964 ጻፈው።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ በዚህ በኩል ጉድ ነው። «ሊሆን ይችላል»፣ «ይሆናል»፣ «ምናልባት»፣ «ሳይሆን አይቀርም»። «ይሆናል» ብቻውን በሁለት መንገድ ይነበባል፤ አንዱ «መሆኑ ነው» ብሎ ይወስደዋል፣ ሌላው «እንጃ» ብሎ። አንድ ጊዜ ባልደረቦቼን «ሳይሆን አይቀርም» ለሚለው ቁጥር ስጡት ብያቸው ነበር። አንዱ 55 ብሎኛል፤ አንዷ 95። ለዓመታት አንድ ቢሮ ውስጥ የሠራን ሰዎች ነን።

ስለዚህ ከቃሉ አጠገብ ቁጥር አስቀምጥ። «ዕቃው እስከ ወሩ መጨረሻ ሳይደርስ የሚቀር ይመስለኛል፤ ዕድሉ ከ65 እስከ 75 በመቶ ነው» በል። እንዲህ ያለውን «ፈሪ» የሚሉህ መጀመሪያ ላይ ነው። ቁጥሩን ይዘው መወሰን ሲለምዱ ይተዉታል። እኔ ጋ ስምንት ወር ፈጅቷል።

ሁለት ነገሮች እንዳይቀላቀሉብህ ተጠንቀቅ። የመሆን ዕድሉ አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃህ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ሌላ። 70 በመቶ ብለህ በሦስት ዓመት መዝገብ ላይ ልትቆም ትችላለህ። ያንኑ 70 በመቶ ብለህ በአንድ ሰው ወሬ ላይም ልትቆም ትችላለህ። አመራሩ ልዩነቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቀጥለህ ማስረጃህ ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ጻፍ። ሦስተኛ መስመር ደግሞ ምን ቢታይ ግምትህን እንደምትቀይር ይናገር፦ «አቅራቢው እስከ 15ኛው ቀን የመጫኛ ሰነድ ከላከ ግምቴ ወደ 30 ይወርዳል።» ቁርጡን ንገረን ላሉህ ሰዎች ከዚህ በላይ ቁርጥ የለም። የሚጠባበቁትን ቀንና የሚያዩትን ምልክት ሰጥተሃቸዋል።

ስላልሆነው ግምት ደግሞ። 70 በመቶ ያልከው አንድ ጊዜ ባይሆን ተሳስተሃል ማለት አይደለም። ያልሆነው 30 በመቶም ነበረ። አንተን የሚመዝንህ የብዙ ግምቶችህ ድምር ነው። የአየር ትንበያ ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል፤ ግሌን ብራየር የተባለ የአሜሪካ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ በ1950 ትንበያን በውጤቱ መመዘኛ ቀመር አውጥቷል። አንተ ግን ለመጀመሪያው ቀመሩ አያስፈልግህም። 70 በመቶ ያልካቸውን ሁሉ ለብቻ ጻፋቸው። ከአሥሩ ሰባት አካባቢ ከሆኑ ልክህን ታውቃለህ። ዘጠኝ ከሆኑ ፈሪ ያሉህ እውነት አላቸው፤ ከፍ አድርግ። አራት ከሆኑ ደግሞ ድፍረትህን ቀነስ አድርግ፤ መዝገቡንም ይዘህ ራስህ ለአለቆችህ አሳያቸው፣ እነሱ ሳይመጡብህ።

አሥር ሲሞላልህ ስንቱ እንደሆነ ጻፍልኝ። አምዱ ላይ አወጣዋለሁ።